ዕቅድ፦ አዲሱን የሚጥል በሽታ አመዳደብ ሥራ ላይ ማዋል (ረቂቅ 2)

ጸሐፊ፦ የማህበራችንን ረቂቅ ለጥፌዋለሁ። የበሽተኛ ካርድና ሪፈር ወረቀት ላይ የዓለም አቀፉን የሚጥል በሽታ ማህበር እ.ኤ.አ. የ1981ዱን አመዳደብ እንተው። የ2017ቱን ከ2025ቱ ማሻሻያ ጋር እንጠቀም። ለየተመላላሽ ክፍሉ አመዳደቡን የያዘ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ካርድ ይታተማል፣ ግማሽ ቀን ስልጠና ይሰጣል። ዕቅዱ እስከ ዓርብ ካልገባ ብሩ እንደ አምናው ይመለሳል።

ፕሮፍ፦ ከአንድ የአንጎል ክፍል ተነስቶ ራስን የሚያስተውን ዕድሜዬን ሙሉ "ኮምፕሌክስ ፓርሻል" እያልኩ ነው ያከምኩት። "ፎካል ኢምፔርድ አዌርነስ" በሉ ተባለ፣ እሺ። እሱን ሳንለምደው አዌርነስን (ማወቅን) ተዉት፣ ኮንሸስነስ (ንቃተ ሕሊና) በሉ ተባለ። ሞተር (እንቅስቃሴ ያለው)፣ ነን-ሞተር (የሌለው) የሚለውም ተሻረ። የዓለም የበሽታዎች መለያ፣ የአይሲዲ-10 ኮድ ጂ40.2 እንኳ እስካሁን "ኮምፕሌክስ ፓርሻል" ነው የሚለው። መድኃኒቱ ያው፣ በሽተኛው ያው። ለምንድን ነው የምንደክመው?

የልጆች ኒውሮሎጂ፦ መድኃኒቱ ያው ቢሆንማ እኔም ዝም ባልኩ። በቀደም ሪፈር የመጣች ልጅ ወረቀቷ ላይ "ኮምፕሌክስ ፓርሻል፣ ካርባማዘፒን" ተጽፏል። የትም እንደተጻፈ ይለፈኝ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ፍዝዝ ትላለች። ከሴኮንዶች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ቶሎ ቶሎ በደንብ ተንፍሺ አልኳት። ፊቴ ቁጭ ብላ ፈዘዘች፣ የያዘችው እስክሪብቶ ወደቀ። አብሰንስ ነው፣ ለሴኮንዶች የሚያፈዝዘው የሚጥል ዓይነት። ካርባማዘፒን ደግሞ አብሰንስን ያባብሳል። እናቷ "ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ በዛባት" እያለች ነው።

ጠቅላላ ሐኪም፦ እኛ ጋ ኢኢጂ (የአንጎል ሞገድ ምርመራ) የለም። ወረፋው በር ድረስ ነው። "የሚጥል፣ ፌኖባርቢታል" ብለን ጽፈን እናሳልፋለን። የአዲሱን አመዳደብ 21 ዓይነት ማን ይሸመድዳል?

ሬዚደንት፦ ኧረ የቀነሰው እኮ ነው! የ2017ቱ 63 ነበር። ኢኢጂም የግድ አይደለም። ሲጥለው ያየውን ሰው መጠየቅ ነው። ቀድሞ የተንቀጠቀጠው ግራ እጁ ብቻ ከሆነና ከዚያ ሁለመናው ከተያዘ፣ ፎካል ቱ ባይላተራል ነው፣ ከአንድ የአንጎል ክፍል ተነስቶ ወደ ሁለቱም ጎን የተዛመተ። እኛ ግን "ጄነራላይዝድ" (ከመነሻው ሁለቱንም የአንጎል ጎን የያዘ) ብለን እንገላገላለን። አነሳሱ ካልታወቀ "አይታወቅም" ብሎ መጻፍ ይቻላል። ዘንድሮ ደግሞ ቤተሰቡ በስልክ ቀርጾ ነው የሚመጣው። ካርዱን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ነገ ማታ ይደርሳችኋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ስልጠናው "ስታዲየም አካባቢ ሆቴል" ይላል። መኪና የት ይቆማል?

የፒያሳው፦ ጥሩ ጥያቄ። ከኮሪደሩ ወዲህ መንገድ ዳር ማቆም ቀርቷል። አምናም ሁለት ሰው ተቀጥቷል፣ ማህበሩም አልከፈለላቸውም።

ጠቅላላ ሐኪም፦ አንደኛው እኔ ነኝ። ደረሰኙ እስካሁን አለኝ።

ሬዚደንት፦ ከጥቁር አንበሳ በእግር ይወረዳል። ሌላው በባቡር ይምጣ።

ፕሮፍ፦ በዚህ ጉልበቴ ባቡር ልጋፋ? አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ሰው ማክበር ተማር።

ሬዚደንት፦ እርስዎን አላልኩም ፕሮፍ። ግን የመጣንበት ጉዳይ የመኪና ማቆሚያ ነው እንዴ?

የፒያሳው፦ አዎ ነው! ሰው ካልመጣ ለማን ነው የምታስተምረው?

ገንዘብ ያዥ፦ ምድር ቤት ማቆሚያ ያለው ሆቴል ሜክሲኮ አካባቢ አለ። አዳራሹ ግን በሙሉ ቀን ብቻ ነው የሚከራየው። ዋጋው ከፍ ይላል።

የልጆች ኒውሮሎጂ፦ ከየት አምጥተን?

ገንዘብ ያዥ፦ ከካርዱ ሕትመት። ካርዱን በቴሌግራም እንለቀዋለን።

የልጆች ኒውሮሎጂ፦ ሥራው እኮ ካርዱ ነው! ጠረጴዛ ላይ ካልተለጠፈ በቴሌግራም ማን ያየዋል? ለመኪናችሁ ብላችሁ ዋናውን ቆረጣችሁት።

ፕሮፍ፦ ተረጋጊ ልጄ። ያቺ አብሰንስ ያልሻት ልጅ አሳስባኛለች፣ አልክድም። ካርዱ ይታተም። ግን አሮጌው ስም በቅንፍ ይግባ፣ አለዚያ አልፈርምም።

የልጆች ኒውሮሎጂ፦ በቅንፍ ከሆነ እስማማለሁ።

የፒያሳው፦ ሙሉ ቀን ከተከራየን ለሚጥል ብቻ ማባከን ነው። ስትሮክ ይጨመር። የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ነጥቡም ከፍ ይላል፣ ፈቃድ ማሳደሻው የደረሰብን ብዙ ነን።

ጠቅላላ ሐኪም፦ የማጅራት ገትርም። ረቡዕ ከሆነ ምሳው የጾም ይሁን።

ጸሐፊ፦ የካርዱ ረቂቅ የታለ? ሬዚደንት?

ጸሐፊ፦ ሬዚደንት፣ ሐሙስ ሆነ።

የልጆች ኒውሮሎጂ፦ ድዩቲ ላይ ነው ይላሉ። ስልኩ አይነሳም።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ገብቷል። ርዕሱ "የኒውሮሎጂ ድንገተኛ ሕክምና የአንድ ቀን ስልጠና"። የሚጥል አመዳደብ ከሻይ ሰዓት በፊት 40 ደቂቃ አለው። ካርዱ "በጀት ሲፈቅድ" በሚለው ሥር ነው። በመኪና የምትመጡ የታርጋ ቁጥራችሁን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ሆቴሉ ቀድሞ ይፈልጋል።