ለሂሉክስ 425,500 ብር ፕሮፎርማ ተሰጠኝ፣ 4ቱም ኢንጀክተር (ናፍጣ መርጫ) ካልተቀየረ አሉኝ፣ ምን ላርግ?

የሂርማታ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል ግን እባካችሁ አንብቡልኝ፣ የጨነቀኝ ነገር ስለሆነ ነው። መኪናዋ ሂሉክስ ደብል ጋቢና ናት፣ 2ኬዲ ሞተር፣ 2.5 ናፍጣ። አባታችን ነው ትቶልን ያለፈው፣ እኔና ወንድሜ ከጅማ አጋሮና ገራ እየተመላለስን በቡና ሰዓት ለቃሚና ጆንያ እንጭንባታለን፣ የቤቱ ገቢም በብዛት ከሷ ነው።

ከሁለት ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው በደንብ ይዞራል ግን ቶሎ አትነሳም፣ ስትነሳም ነጭ ጭስ ትለቃለች፣ ስራ ፈት ላይ ደሞ ታክ ታክ የሚል ድምፅ አላት፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ ግቤን ተሻግሬ ወደ ወልቂጤ ዳገቱን ስጀምር ጉልበት አጣች፣ የሞተር መብራት በራ፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያንፏቀቅኩ ነው የወጣሁት፣ ከኋላዬ ሲኖትራክ እየጮኸብኝ። አዲስ እንደደረስኩ ሌላ ቦታ ከማበላሻት ብዬ በቀጥታ ወደ ወኪሉ ጋራዥ ወሰድኳት።

ኮምፒውተር ሰኩ፣ የሬል (ናፍጣውን በግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ዝቅ ብሏል የሚል ኮድ አወጣ አሉኝ፣ ከሰዓት በኋላ ፕሮፎርማውን ሰጡኝ። አንዱ ኢንጀክተር 78,000፣ አራት ሲሆን 312,000፣ ፊልትሮና ሮንዴላ ምናምን 21,500፣ የእጅ 36,500፣ ቫት 15 ፐርሰንት ሲጨመርበት 425,500 ብር። ወረቀቱን ይዤ መቀበያው ወንበር ላይ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አራቱም ተበላሽተዋል ወይ ብዬ ስጠይቅ ልጁ "እኛ 4ቱንም አንድ ላይ ነው የምንቀይረው" አለኝ፣ የቱ እንደታመመ ግን አልነገረኝም። የምርመራውን ከፍዬ ቀስ እያልኩ ጅማ ይዣት ተመለስኩ።

ወንድሜ እንሽጣት ይላል፣ እናቴ ደሞ የአባታችሁን መኪና በህይወቴ እያለሁ አትሸጧትም ብላ አልቅሳለች። ለቀማው ደርሷል። 425 ሺህ የለንም፣ ብንበደርም ለቀማው አልፎ ነው የምንከፍለው። እውነት ይሄ ዋጋ ልክ ነው? ጅማ ውስጥስ የሚሰራው አለ? ወላሂ የምታውቁ ንገሩኝ።

ናፍጣ_ቤት፦
ወንድሜ አይዞህ፣ አባትህን አላህ ይማረው። መጀመሪያ ይሄን ያዝ፣ ኮዱ ግፊት ቀንሷል ነው ያለው እንጂ 4 ኢንጀክተር ሞቷል አላለም። ግፊት የሚቀንሰው በብዙ ነገር ነው፣ በተዘጋ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አየር በሚስብ ቱቦ፣ ፖምፓው ላይ ባለችው ኤስሲቪ በምትባል ትንሽ ቫልቭ፣ ወይ ናፍጣውን ወደ ኋላ በሚመልስ ኢንጀክተር። ቫልቯ ለብቻዋ ትገዛለች፣ ለሷ ብሎ ሙሉ ፖምፓ የቀየረ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ከርካሹ ነው የሚጀመረው፣ ፊልትሮ ቀይር፣ ፊልትሮው ስር ያለችውን ማፍሰሻ ፈተህ ውሃ መኖሩን እይ።

ከዛ የመመለሻ ቴስት አስደርግ። ከእያንዳንዱ ኢንጀክተር ራስ ላይ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሰው ቀጭን ቱቦ ይነቀልና በሱ ፈንታ 4 እኩል ቱቦ ይሰካል፣ የያንዳንዱ ጫፍ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ይገባል፣ ወደ ታንከር የሚሄደው መስመር ይደፈናል። ሞተሩ ተነስቶ ስራ ፈት ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ጤነኞቹ ትንሽ ትንሽ ይሞላሉ፣ እኩልም ይሆናሉ፣ ውስጡ ያለቀው ግን ከጓደኞቹ ሁለትና ሶስት እጥፍ ይሞላል፣ በአይንህ ታየዋለህ። ያ ኢንጀክተር ጠዋት ሞተሪኖ ስትመታ ግፊቱን ስለሚያፈስ ነው አልነሳም የምትልህ፣ ካንተ ምልክት ጋር ይሄዳል። ጭሱና ታክ ታክ የሚለው ደሞ የሚያንጠባጥብ ኖዝል (የኢንጀክተሩ መርጫ ጫፍ) ይመስላል፣ እሱ በዚህ ቴስት ላይታይ ይችላል፣ የኢንጀክተር መፈተሻ ማሽን ላይ ነው የሚለየው።

አንድ ነገር አደራ፣ ሞተሩ እየሰራ ወፍራሞቹን የብረት ቱቦዎች የሚፈታ ሰው ካየህ አስቁመው። እዛ ውስጥ ያለው ግፊት ነዳጅ ሲሰጥ ከ1000 ባር በላይ ይደርሳል፣ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ እጅ ያስቆርጣል። የድሮውን ናፍጣ ሞተር የለመዱ መካኒኮች አንድ አንድ እየፈቱ ድምፅ ያዳምጡ ነበር፣ እንዳንተ ባለ ኮመን ሬል ሞተር ላይ ግን በጭራሽ አይሞከርም።

ከሰርቪስ_ጀርባ፦
እኔ እንደዚህ ያለ ጋራዥ ውስጥ 6 አመት ፕሮፎርማ ስጽፍ ነበርኩ፣ አሁን ለቅቄያለሁ፣ ስለዚህ ከውስጥ ሆኖ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። ልጁ ሊያታልልህ ብሎ አይደለም። እዛ ኢንጀክተር አይፈታም፣ አይጠገንም፣ ይቀየራል። አንዱን ቀይረው ቢሰጡህና በወሩ ሌላኛው ቢሞት አንተ ተመልሰህ የምትጮኸው እነሱ ላይ ነው፣ ስራውም ጋራንቲ ስላለው በራሳቸው ኪሳራ ይደግሙታል፣ ስለዚህ አራቱንም ይጽፉታል። ዋጋውም ከዶላሩ ጋር ነው የሚሄደው፣ ከሐምሌ 22/2016 በፊት ባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፎ አሁን የት እንዳለ ታውቀዋለህ፣ ኢንጀክተር ደሞ እዚህ አይመረትም።

ይሄን ስልህ ግን 425 ሺውን ክፈል ማለቴ አይደለም። ፕሮፎርማ ዋጋ መጠየቂያ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ሰው ወረቀቱን ሲያይ ወይ ይፈርማል ወይ ተናዶ ይወጣል፣ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ በጣም ትንሽ ነው፣ የሚጠይቀው ሰው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ሲቀንስ አይቻለሁ። ለኢንጀክተሩ የየሲሊንደሩን ቁጥር ከኮምፒውተሩ አውጥታችሁ አሳዩኝ በል፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር የሚያደርገው የናፍጣ መጠን ማስተካከያ መመርመሪያው ላይ ይታያል፣ የታመመው ብቻውን ርቆ ይወጣል። የፓርት ቁጥሩን ፕሮፎርማው ላይ አስጽፍ፣ በሱ ቁጥር ሌላ አስመጪ ጋ ደውለህ ማወዳደር ትችላለህ፣ ቁጥር የሌለው ወረቀት ከምንም ጋር አይወዳደርም። የወጣውን አሮጌ እቃም እንደምትወስድ ከስራው በፊት ተናገር፣ ያንተ ንብረት ነው። የእጅ ዋጋ ላይ ደሞ ስንት ሰዓት ተብሎ እንደተሰላ ጠይቅ፣ አራት ኢንጀክተር ሲወጣ ብዙው ስራ ከላይ ያለውን መፍታት ስለሆነ ሁለት ብቻ ቢቀየርም በግማሽ አይቀንስም፣ እሱን ከወዲሁ እወቅ።

ስትጠይቅ ደሞ አንገትህን አትድፋ፣ አዋጅ 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው እቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። በትህትና ጠይቅ እንጂ እንደ ልመና አትየው።

የቦንጋዋ፦
ወንድሜ ሁሉም እውነታቸውን ነው፣ ግን እኔ የደረሰብኝን ልጨምር፣ አንተ ላይ እንዳይደርስ። እኛም እንዳንተ የወኪሉን ዋጋ ሰምተን ደንግጠን፣ አንድ ሰው በሩብ ዋጋ "የታደሰ" ኢንጀክተር አመጣልን፣ ደረሰኝ የለው፣ የተፈተሸበት ወረቀት የለው። ሁለት ወር ሄደች። ከዛ ጥቁር ጭስ ጀመረች፣ ባለቤቴ ዛሬ ነገ ሲል አንድ ቀን ከቦንጋ ጅማ ስንመጣ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ሲከፈት አንዱ ኢንጀክተር ሳይበትን እንደ ቧንቧ እያፈሰሰ ፒስቶኑን ጫፉ ላይ አቅልጦት ነበር፣ እኔ ራሴ በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ፣ አሉሚኒየሙ እንደ ሻማ ወርዶ ነበር። ሞተር ወረደ፣ ቶርኖ ቤት ገባ፣ ያወጣነው መጀመሪያ ከተባልነው በላይ ሆነ።

ስለዚህ አሳድስ፣ ግን ማሽን ላይ ተፈትሾ ስንት እንደሚረጭና ስንት እንደሚመልስ ቁጥሩ ተጽፎ ይሰጥህ። ጋራዥህ ኢንጀክተር ሲቀይር ላዩ ላይ የተጻፈውን ኮድ ወደ ኮምፒውተሩ ማስገባት የሚያስፈልግ መሆኑንም ጠይቀው፣ የኛ መካኒክ ይሄን የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ነበር። ደሞ ነጭ ጭስ እያየህ ጭነት አትጫንባት፣ እባክህ።

ናፍጣ_ቤት፦
እህቴ ያለችው ልክ ነው። አንድ የረሳሁት፣ ኢንጀክተሮቹ ሲወጡ ስራቸው ያለችው የመዳብ ሮንዴላ ሁሌም አዲስ ትሁን፣ አሮጌዋ አትመለስም። እሷ ስታስተላልፍ የቃጠሎው ጋዝ ጥላሸት ይዞ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ጥላሸቱ ታች ኮፓ (የዘይት መያዣው) ውስጥ ያለችውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት የማይደርሰው ሞተር ደሞ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። በነዚህ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች የታወቀ ችግር ነው። ኢንጀክተሩ ዙሪያ እንደ ሬንጅ የደረቀ ጥቁር ነገር ካዩ ኮፓው ወርዶ ወንፊቱ ይታጠብ፣ ዘይት ብቻ ቀይሮ ማለፍ አይበቃም።

የሂርማታ_ልጅ፦
ሰላም፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፣ ይቅርታ፣ ለውጥ ሳላይ መጻፍ አልፈለኩም።

ወደ አጋሮ መውጫ ካሉት ጋራዦች አንዱ ጋ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ልጅ ነው ግን የሚያደርገውን ያውቃል፣ የመመለሻ ቴስቱን ስነግረው ቱቦውን ራሱ ከመሳቢያው አወጣ። አራት ሃይላንድ በሽቦ አስረን ራዲያተሩ ጎን ደረደርናቸው። አንደኛውና አራተኛው ታቹን ሸፈን ብቻ አደረጉት፣ ሶስተኛው ከነሱ ትንሽ ከፍ አለ፣ ሁለተኛው ግን አይናችን እያየ ወደ ግማሽ ወጣ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ እንሽጣት ማለቱን ያቆመው እዛው ነው።

ሁለተኛውንና ሶስተኛውን አስወጥተን አዲስ አበባ ማሽን ያለው ፖምፓ ቤት በዘመድ እጅ ላክን። ሶስተኛው ኖዝሉ ያንጠባጥብ ነበር፣ በ24,000 ታደሰ፣ የቦንጋዋ እህቴ እንዳልሽው ቁጥሩ ያለበት ወረቀት አብሮት መጣ። ሁለተኛው አይድንም ተባለ፣ በፓርት ቁጥሩ ሶስት ቦታ አስደውዬ ኦርጅናሉን በደረሰኝ 71,000 አገኘሁት። ሲፈታ ያ እንደ ሬንጅ ያለው ጥቁር ነገር ሁለተኛው ስር ነበር፣ ኮፓው ሲወርድ የወንፊቷ ሩብ ያህል ተደፍኗል፣ ሳይነካን ነው የደረስንባት አልሐምዱሊላህ። ከዘይቱ፣ ከፊልትሮው፣ ከአራቱ ሮንዴላና ከእጅ ጋር ሁሉም ተደምሮ 125,000 ብር ወጣ። ግማሹን ከቁብ፣ ግማሹን ከአጎቴ ነው ያገኘሁት፣ በለቀማው ይመለሳል።

የናፍጣ ፊልትሮውን ማፍሰሻ ስንፈታ መጀመሪያ የወጣው ውሃ ነበር፣ ብርጭቆ ሙሉ ይሆናል። በናፍጣ ሰልፉ ጊዜ ከጀሪካን ስንቀዳ የነበረው ናፍጣ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ መካኒኩም ኢንጀክተሩን የበላው እሱ ነው አለ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ እንዳለ በአንዴ ተነሳች፣ ጭስ የለም። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ከቤት ወጥታ በረንዳ ላይ ቆመች፣ ምንም አላለችም። ዛሬ ገራ ለቃሚ አድርሼ ተመለስኩ፣ ዳገቱን በሶስተኛ ነው የወጣሁት። ጀዛከላህ ኸይር ለሁላችሁም። ናፍጣ_ቤት፣ ማፍሰሻዋን በየስንት ጊዜ ልክፈታት?

ናፍጣ_ቤት፦
ማሻአላህ! ለአሁኑ በየሳምንቱ፣ ጠዋት ሞተር ሳታስነሳ፣ ውሃው ሌሊት ታች ይወርዳልና። ንፁህ ናፍጣ ብቻ እስኪወጣ አፍስሰህ ዝጋት፣ አንድ ወር ውሃ ካላየህ በወር አንዴ ይበቃል። ታንከሩንም ለቀማው ሲያልቅ አስወርደህ አሳጥበው፣ ታቹ ላይ የቀረ ውሃ አይጠፋም።