ለቴምፕሌት ፋይሎች ስም አሰጣጥ ምክር እፈልጋለሁ

ቱሉ ዲምቱ ላለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ በወርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ድረ ገጽ እየሠራን ነው። ለጠጠር የተለየ ቴምፕሌት፣ ማለትም የገጹን አቀራረብ የሚወስን ፋይል፣ አዘጋጀሁ። በፋይሉ ስም ላይ «ሲንግል»፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ጠጠርን በላቲን ፊደል በ«ቲ» ጻፍኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ግን የምርቱን ዓይነት ሲመዘግብ፣ በስልክ እንደሚጻጻፈው «ጠ»ን በ«ኤክስ» ጽፎታል። ወርድፕሬስ የፋይሉ ስም ከተመዘገበው የምርት ዓይነት ስም ጋር ካልገጠመ ስህተት አለ አይልም፤ ዝም ብሎ አጠቃላዩን የሲንግል ፋይል ይከፍታል። ስለዚህ እኔ ያስገባሁት የሜትር ኪዩቡ ዋጋ ከገጹ ጠፋ። ካሽ (ተቀምጦ የቆየውን የገጹን ቅጂ) አጸዳሁ፣ ፐርማሊንኩን (የገጾቹን አድራሻ ቅንብር) ደግሜ ሴቭ አደረግኩ፤ ወይ ፍንክች! ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ አለቀ። አሁን ስሙን አንድ አድርገን ሠርቷል። ግን አሸዋ፣ ብሎኬትና ገረጋንቲ ገና ይቀጥላሉ። እናንተ ለእንዲህ ዓይነት ፋይል ስም ስትሰጡ አማርኛውን በላቲን ትጽፋላችሁ ወይስ የእንግሊዝኛውን ቃል ትጠቀማላችሁ?