ሃይድሮጅንን ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ቀላቅሎ ወደ ውጭ መሸጥ ያዋጣል?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ኬሚካል ምህንድስና እየተማርኩ ነው። የሶማሌ ክልሉ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ በቱቦ ጅቡቲ ይደርሳል ሲባል ስንሰማ ዓመታት አለፉ። ታዲያ ቱቦው ከተዘረጋ፣ በህዳሴ ግድብ መብራት ሃይድሮጅን አምርተን 20 በመቶ ብንጨምርበትስ? ሒሳቡን የሠራ ካለ ያስረዳኝ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ስለሚጠይቁኝ ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። 20 በመቶው በይዘት (በሜትር ኩብ ሲለካ) እንጂ በሙቀት አይደለም። አንድ ሜትር ኩብ ሃይድሮጅን የሚሰጠው ሙቀት የሚቴንን፣ ማለትም የተፈጥሮ ጋዝን ዋና ክፍል፣ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ከድብልቁ ሙቀት የሃይድሮጅኑ ድርሻ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መብራት ይፈጃል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ3 የአሜሪካ ሳንቲም ብንይዘው መብራቱ ብቻ 1.65 ዶላር ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሙቀት ነው። ጋዝ በሚሊዮን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) 10 ዶላር ቢሸጥ የዚያ ኪሎ ሙቀት 1.35 ዶላር ገደማ ያወጣል። ማሽኑና ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕረሰር ገና አልተቆጠሩም! ሃይድሮጅን ብረት ውስጥ ሰርጎ ስለሚያሰነጥቀው የቱቦውም ጣጣ አለ።

የቦርከና ልጅ፦ እንግሊዝ አገር ኪል ዩኒቨርሲቲ እስከ 20 በመቶ ቀላቅለው ሞክረው የለ እንዴ?

ጦሳ ሥር፦ ሞክረዋል። እዚያ ግን ድብልቁ እዛው ግቢው ውስጥ ነበር የሚቃጠለው። የእኛ ጋዝ መርከብ ላይ ለመጫን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ መሆን አለበት። ሃይድሮጅን ደግሞ ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 253 ላይ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ስትደርስ መልሰህ ልትለየው ነው። ለመቀላቀልም ለመለየትም ትከፍላለህ። ይሄ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

የወረኢሉዋ፦ አባቴ ስንዴና ጤፍ ያርሳል። ማዳበሪያው የሚመጣው በዚያው በጅቡቲ ነው፤ ዋጋው አስጨንቆናል። ሃይድሮጅኑ ለዩሪያ አይሆንም?

ጦሳ ሥር፦ ይሆናል እታለም፣ ቁም ነገሩ እሱ ነው። ሃይድሮጅንና የአየር ናይትሮጅን ተዋህደው አሞኒያ ይሆናሉ፤ ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። ለዩሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል፤ ጎዴ ላይ የታቀደው ፋብሪካ በጋዝ የሚሠራው ሃይድሮጅኑንም ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ከጋዙ ስለሚያገኝ ነው። የህዳሴው ሃይድሮጅን ከተመረተ አይቀር ለአሞኒያ ይዋል ባይ ነኝ። ለውጭ ገበያም ቢሆን አሞኒያ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሚጭኑት መርከቦችም ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።