ክርክር፦ በሂንዱ ጋብቻ ባል የሚስቱ መንፈሳዊ መሪ ነውን?

አወያይ፦ ባል ለሚስቱ መምህርም አለቃም ነው የሚሉ ሂንዱዎች አሉ። ሁለቱ በሚጋቡበት የተቀደሰ እሳት ፊት እኩል ናቸው የሚሉም አሉ። እናንተስ? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

ተከራካሪ ሀ፦ መጽሐፉ ግልጽ ነው። የማኑ ሕግ የተባለው የጥንት የሂንዱዎች የሕግ መጽሐፍ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ሚስት ከባሏ ተነጥላ የምታቀርበው መሥዋዕትም ሆነ የምትጾመው ጾም የላትም፣ በሰማይ የምትከብረው ለእሱ በመታዘዟ ነው ይላል። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ባልን ማገልገል ለሴት በመምህር ቤት ተቀምጦ እንደ መማር ይቆጠርላታል። ይህ ጭቆና አይደለም፤ ያው መጽሐፍ ሴቶች በሚከበሩበት ቤት አማልክት ደስ ይላቸዋል ብሎ ባልንም ያስጠነቅቃል።

ተከራካሪ ለ፦ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ተጽፏል፤ ግን ማኑ ብቻውን የሂንዱ እምነት አይደለም። ከእሱ የሚቀድመውን ቅዱስ መጽሐፍ፣ ብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድን ተመልከት። ጠቢቡ ያጅናቫልክያ ቤቱን ትቶ ሊመንን ሲነሣ ሀብቱን ለሁለቱ ሚስቶቹ ሊያካፍል ይላል። አንዷ ሚስቱ ማይትሬዪ ግን ምድር ሁሉ በሀብት ተሞልታ የእኔ ብትሆን ከሞት አመልጣለሁን ብላ ትጠይቀዋለች። አታመልጪም ሲላት፣ እንግዲያውስ ሀብቱ ምን ያደርግልኛል፣ የምታውቀውን ንገረኝ አለችው።
ሥርዓቱም ቢሆን ያለ እሷ አይሆንም። ሙሽሮቹ በእሳቱ ፊት ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሕንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግም ይህ ሥርዓት ባለበት ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው ይላል። በጥንቱ ታሪክ ንጉሡ ራማ እንኳን ሚስቱን ሲታን ካሰናበተ በኋላ ታላቁን የፈረስ መሥዋዕት ሲያቀርብ የወርቅ ምስሏን በጎኑ አስቀምጧል።

ተከራካሪ ሀ፦ ማይትሬዪን ያስተማራት ማን ሆነና? ባሏ! እኔስ ያልኩት ይህንኑ አይደለም?

ተከራካሪ ሐ፦ እኔ ግን ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አልነካችሁትም እላለሁ። እህቴ፣ ሲታን የወርቅ ምስል ከተካት እኩልነቱ የቱ ላይ ነው? ያለ እሷ አይሆንም ማለትና ሥልጣን አላት ማለት ለየቅል ናቸው።
በሕንድ ከተማ በፑኔ ስማር ያየሁትን ልንገራችሁ። በዝናቡ ወራት መግቢያ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ ያገቡ ሴቶች ጾመው፣ ደህናውን ሳሪ ለብሰው ይወጡና የእኛን ዋርካ የሚመስለውን ትልቅ ዛፍ እየዞሩ ግንዱን በነጭ ክር ይጠመጥሙታል። ልመናቸው ባላቸው ዕድሜው እንዲረዝም፣ ዳግም ተወልደው በሚኖሩባቸው ሰባት ሕይወቶችም እሱኑ እንዲያገኙ ነው። ድካሙ የእሷ፣ በረከቱ የእሱ። ይህን ስል ግን በዓሉ የሚታሰብላት ሳቪትሪ ማን እንደሆነች አልዘነጋሁም። ባሏ ሳትያቫን ሞቶ ያማ የተባለው የሞት አምላክ ነፍሱን ይዞ ሲሄድ ተከትላ በንግግር የረታችው እሷ ናት። መሪው ያን ቀን ማን ነበር?

ተከራካሪ ለ፦ በቅርቡ ዘመንም አለ። የሂንዱ ቅዱስ የሚባለው ራማክሪሽና እ.ኤ.አ. በ1872 ሚስቱን ሳራዳ ዴቪን ለእናት አምላክ በተዘጋጀው መቀመጫ ላይ አስቀምጦ እንደ እናት አምላክ አመለካት። በ1886 እሱ ካረፈ በኋላም እስከ 1920 ድረስ ወንዶችንም ሴቶችንም ደቀ መዛሙርት አድርጋ የተቀበለችው እሷ ናት።

ተከራካሪ ሀ፦ እነዚህ ቅዱሳን ናቸው። ተራው ቤት በቅዱሳን ልክ አይሠራም፤ አንድ ሰው ኃላፊ ካልሆነ ልጆቹን ማን ያስተምራል?

ተከራካሪ ሐ፦ በብዙ ቤት ልጆቹን ጸሎት የምታስተምረው፣ የቤቱን መቅደስ መብራት የምታበራው እናትየዋ ናት። ሥራው የእሷ ከሆነ ሥልጣኑ ለምን የእሱ ይሆናል? የተናቁት ወገኖች መሪ የነበረው ሕንዳዊው አምቤድካር እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 25 ቀን 1927 በማሃድ ከተማ የማኑን መጽሐፍ በአደባባይ ያቃጠለው ዋነኛው ምክንያት ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የካስት ክፍፍል ቢሆንም፣ በሴቶች ላይ የጫነውንም ቀንበር አጥብቆ ነቅፏል። ዛሬ እዚያው ፑኔ ሴት ካህናት ሠልጥነው የጋብቻውን ጸሎት ራሳቸው ይመራሉ። እሳቱን ፊት ለፊት ተቀምጣ ሁለቱንም የምታጋባ ሴት ካለች፣ ከሥርዓቱ በኋላ ሙሽራዪቱ ለጸሎቷ የባሏን ፈቃድ ትጠይቅ የሚለውን እኔ አልቀበልም።