የኮምፒውተር ምስል በዛ ወይስ ሥራው የሚሰጥበት ውል ተበላሸ?

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። ትልልቆቹ የሆሊውድ ፊልሞች በኮምፒውተር በሚሠራ ምስል ላይ ከልክ በላይ ተደግፈዋል፤ ምስሉን የሚሠሩት የቪኤፍኤክስ (የእይታ ኢፌክት) ባለሙያዎችም ከአቅም በላይ በሆነ ሥራ እየተጎዱ ነው ይባላል። ይህ እውነት ከሆነ መፍትሔው የምስሉን መጠን መቀነስ ነው ወይስ ሥራው የሚሰጥበትን ውል መለወጥ? የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

የፊልም መምህር፣ አዲስ አበባ፦
እኔ መጠኑ ይቀነስ ከሚሉት ወገን ነኝ። በ1993 በወጣው «ጁራሲክ ፓርክ» ውስጥ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት በጠቅላላው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን ቀሪው በስታን ዊንስተን ወርክሾፕ የተገነቡ፣ በሞተርና በሰው እጅ የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ አካላት ናቸው። ኮምፒውተሩ ውድና አዝጋሚ ስለነበረ ዳይሬክተሩ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ አውሬው መቼ እንደሚታይና መቼ በጨለማ እንደሚሸፈን ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት መወሰን ነበረበት። ዛሬ ግን ተዋናዩ በሰማያዊ ጨርቅ ፊት ቆሞ ወደ ባዶ ቦታ ይጮኻል፤ ከተማውም፣ ሰማዩም፣ አንዳንዴም የለበሰው ልብስ ጭምር ከወራት በኋላ ይወሰናል። ውጤቱን በብዙዎቹ የልዕለ ጀግና ፊልሞች የመጨረሻ ውጊያ ላይ እናየዋለን፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ አካላቱ ክብደት የላቸውም፣ ተመልካቹም ማን ምን እንዳጣ ሳይገባው ግርግሩ ያልቃል። ተማሪዎቼ ይህን የሲኒማ ልክ አድርገው ሲቀበሉት ማየት ያሳዝነኛል።

የቪኤፍኤክስ ባለሙያ፣ ቶሮንቶ፦
መምህር፣ ስላቀረቡት ሐሳብ አከብርዎታለሁ፤ ነገር ግን መጠኑን ጥፋተኛ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም። የኮምፒውተር ምስል የለበትም እየተባለ የተወደሰው የ2022ቱ «ቶፕ ገን፦ ማቨሪክ» ወደ 2,400 የሚጠጉ የቪኤፍኤክስ ሾቶች፣ ማለትም ሳይቋረጡ የሚታዩ የፊልም ቁራጮች፣ አሉት። በእውነተኛ መኪኖች ተሠራ ተብሎ በየፊልም ትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው የ2015ቱ «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» ደግሞ 2,000 ገደማ አሉት። ሥራችን ጥሩ ሲሆን አይታይም፤ ስለማይታይም የለም ይባላል፤ መጥፎ ሲሆን ብቻ በስማችን ይጠራል።

ሥራው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። በአንድ ሰከንድ ፊልም ውስጥ 24 ምስሎች አሉ። አምስት ሰከንድ በምትቆይ ሾት ተዋናይዋን ከበስተኋላዋ ለይቶ ለማውጣት በ120 ምስሎች ላይ የፀጉሯንና የጣቶቿን ጠርዝ መከተል ያስፈልጋል። ከዚያ ሌላው ሰው ብርሃኑን ያዛምዳል፣ ሌላው ጭሱን ይሠራል፣ እኔ ሁሉንም ንብርብር አዋህጄ አንድ ምስል አደርገዋለሁ። ዳይሬክተሩ በመጨረሻው ወር «ፀሐይዋ ከግራ ትምጣ» ካለ ከእኛ በፊት ያለፈው ሰንሰለት በሙሉ እንደገና ይጀመራል። እኔ በሠራሁበት አንድ ፊልም የመጨረሻው ትዕይንት ማስረከቢያው ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ሲቀሩ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ እሑድ የሚባል ቀን አልነበረንም፤ አንድ ባልደረባዬም ዓይኑና እጁ ታመው ሥራውን ተወ። የፊልሙ ማስታወቂያ ግን በዚያው ሳምንት ሁሉም በካሜራ ፊት እንደተሠራ ይናገር ነበር።

በ2019 መጨረሻ የወጣውን «ካትስ» ያስታውሱ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ከገባ በኋላ ስቱዲዮው የታረመ ቅጂ ልኳል፤ ተመልካች ትኬት ገዝቶ ያየው ገና ያላለቀ ሥራ ነበር ማለት ነው። ይህ የጊዜና የውሳኔ ችግር እንጂ የመሣሪያው አይደለም።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ለንደን፦
እህታችን የተናገረችውን ከገንዘብ አንጻር ላብራራው፤ ቁልፉ እዚህ ያለ ይመስለኛል። የፊልም ስቱዲዮው ሥራውን ምስሉን ለሚሠራው የኢፌክት ኩባንያ የሚሰጠው በአብዛኛው በቁርጥ ዋጋ ነው። ይህን ያህል ሾት፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ዋጋ ተብሎ ስክሪፕቱ ሳያልቅ ይፈረማል። ቤቱ ስንት ክፍል እንደሚኖረው ሳይወሰን ግንበኛ የመጨረሻ ዋጋ እንዲናገር እንደ መጠየቅ ነው። ለውጥ ሲመጣ ኩባንያው ተጨማሪ ክፍያ የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይችላል፤ ደንበኞቹ ግን ጥቂት ትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ በመሆናቸው የዛሬውን ክፍያ ሲጠይቅ የሚቀጥለውን ፊልም እንዳያጣ ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ኪሳራውም ወደ ታች ወርዶ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ይሆናል።

ኩባንያዎቹም ቢሆኑ አልተረፉም። የ«ታይታኒክ»ን የኮምፒውተር ምስሎች ከሠሩት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ዲጂታል ዶሜይን በ2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በየካቲት 2013 ደግሞ ሪዝም ኤንድ ሂውስ ይህንኑ አደረገ፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይኸው ኩባንያ በሠራው «ላይፍ ኦፍ ፓይ» የኦስካር ሽልማት ተሰጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ከአዳራሹ ደጃፍ ውጭ ሰልፍ ላይ ነበሩ፤ ተሸላሚው የኩባንያውን ችግር መድረክ ላይ ማንሳት ሲጀምር ሙዚቃ ተለቀቀና ድምፁ ተቋረጠ። በየካቲት 2025 የኢፌክት ኩባንያዎቹን ኤምፒሲንና ዘ ሚልን ያቀፈው ቴክኒከለር ግሩፕ ሲፈርስ በተለያዩ አገሮች ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ አጡ።

ይሁን እንጂ ውሉ ይለወጥ ማለት ብቻውን አይበቃም። መንግሥታት ለዚህ ሥራ የታክስ ተመላሽ ይሰጣሉ፤ እንግሊዝ ከ2025 ጀምሮ ለቪኤፍኤክስ ወጪ የምትሰጠውን ድጋፍ ከ34 ወደ 39 በመቶ ከፍ አድርጋለች። የካናዳ ክፍለ ግዛቶቹ ብሪቲሽ ኮሎምቢያና ኩቤክ እንዲሁም ኒውዚላንድም ለዚሁ ሥራ ይወዳደራሉ። ስቱዲዮው ሥራውን ወደ ተሻለው ድጎማ ያዛውራል፤ ሠራተኛውም ከሎስ አንጀለስ ወደ ቫንኩቨር፣ ከዚያም ወደ ሞንትሪያል ወይም ለንደን ቤተሰቡን ይዞ ይከተላል። በአንድ ከተማ ጠንካራ መብት ቢጠየቅ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ አይሄድምን?

የፊልም መምህር፣ አዲስ አበባ፦
ወደ ቁጥሩ ልመለስ፤ የሾት ብዛት የእኔን ክርክር አያፈርስም። እህታችን በጠቀሰቻቸው በ«ማቨሪክ»ና በ«ፊውሪ ሮድ» አውሮፕላኑ በእርግጥ በርሯል፣ መኪናውም በእርግጥ ተገልብጧል፤ ኮምፒውተሩ በቦታው በነበረ ነገር ላይ ጨመረ፣ አስተካከለ፣ አጠፋ። ባለሙያው የሚያዛምደው እውነተኛ ብርሃንና እውነተኛ አቧራ ነበረው። እኔ ከልክ ያለፈ መደገፍ የምለው ምንም ያልተወሰነበትን ባዶ ሥፍራ ቀርጾ «በኋላ ይስተካከላል» ማለትን ነው። ይህ ልማድ ምስሉንም ሠራተኛውንም በአንድ ጊዜ ይጎዳል፤ ስለዚህ ከእህታችን ጋር የምንለያየው በመድኃኒቱ እንጂ በበሽታው አይደለም። ዳይሬክተሩ በካሜራ ፊት የሚሠራው ነገር ሲበዛ ሳይወድ በግድ ቀድሞ ይወስናል እላለሁ።

ተመልካች፣ አዲስ አበባ፦
እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ስቱዲዮዎቹ «ኮምፒውተር አልነካንም» ብለው የሚያስተዋውቁት እኛ ተመልካቾች በኮምፒውተር ምስል ላይ በየማኅበራዊ ሚዲያው ስለምናላግጥ ነው። ያ ፌዝ በመጨረሻ የሚያርፈው ስሙ ከማስታወቂያው በተፋቀው ሠራተኛ ላይ መሆኑን ልናውቅ ይገባል።

የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
የለንደኑ ወንድማችን ላነሱት ጥያቄ መልስ ለመስጠት እሞክራለሁ። በሆሊውድ ተዋናዩ፣ ጸሐፊው፣ የካሜራ ባለሙያው፣ ሜካፕ ሠሪዋም ሳትቀር ማኅበር አላቸው፤ የቪኤፍኤክስ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው አልነበራቸውም። በመስከረም 2023 ወደ 50 የሚሆኑ የማርቭል ስቱዲዮስ የቪኤፍኤክስ ሠራተኞች አያትሲ በሚባለው የፊልምና የመድረክ ሠራተኞች ማኅበር ለመወከል ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ ሰጡ፤ በሚቀጥለው ወርም የዋልት ዲዝኒ ፒክቸርስ ባልደረቦቻቸው ተከተሉ። ይህ ታሪካዊ እርምጃ ነው። ነገር ግን እነዚህ የስቱዲዮው ቅጥረኞች ናቸው፤ አብዛኛውን ምስል የሚሠራው በቫንኩቨር፣ በለንደን፣ በሙምባይ ባሉ የኢፌክት ኩባንያዎች የተቀጠረው ሠራተኛ በዚያ ድምፅ አልተካተተም።

እኔ ተስፋ የማደርገው ራሱ ድጎማው ላይ ነው። የታክስ ተመላሹ የሕዝብ ገንዘብ ነው። መንግሥት ይህን ገንዘብ ሲሰጥ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲከበርና ደንበኛው ከውሉ በኋላ ያዘዘው ለውጥ ዋጋ እንዲከፈልበት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችላል። ሥራውን ከከተማ ወደ ከተማ የሚጎትተው ገንዘብ የሠራተኛውን መብት ይዞ እንዲሄድ ማድረግ በሕግ የማይቻል ነገር አይደለም።

የሒሳብ ባለሙያ፣ ለንደን፦
ሐሳቡን እቀበለዋለሁ፤ ሆኖም የመጀመሪያዋ አገር ማን ትሆናለች? ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጠችው ክፍለ ግዛት ሥራውን ወዲያውኑ ላላስቀመጠችው ጎረቤቷ ታስረክባለች ብለው የሚሰጉ ባለሥልጣናት አሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው።

የፊልም መምህር፣ አዲስ አበባ፦
ይህ እስኪሆን ድረስ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ2024 የቪኤፍኤክስ ኦስካርን ያሸነፈው የጃፓኑ «ጎድዚላ ማይነስ ዋን» ከ15 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠራ ተብሏል፤ 610 ሾቶቹን የሠሩት 35 ባለሙያዎች ናቸው። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ራሱ የኢፌክቱ ኃላፊ ስለነበረ ሠራተኛው የጠየቀውን ጥያቄ እዚያው ይመልስ ነበር።

የቪኤፍኤክስ ባለሙያ፣ ቶሮንቶ፦
መምህር፣ ምሳሌው ደስ አሰኝቶኛል፤ ያ ፊልም ግዙፍ አውሬና ማዕበል በኮምፒውተር የሠራ እንጂ ኮምፒውተርን የሸሸ አይደለም። የተለየው ወሳኙ ሰው ሥራውን ማወቁና በቅርብ መገኘቱ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር፤ ወጪው አነስተኛ መሆኑ ብቻውን ሠራተኛው በአግባቡ ለመያዙ ማስረጃ አይሆንም። አሠሪዎች ያን ቁጥር ይዘው «እነርሱ በዚህ ዋጋ ከሠሩ እናንተስ?» እንዳይሉን እሰጋለሁ።

ስለ ስጋቱም ልናገር። ሥራው በአንድ ሌሊት ወደ ፈለገበት ይሄዳል የሚለው የተጋነነ ነው። ውኃን፣ ፀጉርን ወይም የሰው ፊትን በብቃት የሚሠራ ቡድን ለመገንባት ዓመታት ይፈጃል፤ እንዲህ ያሉ ቡድኖች በብዛት የሚገኙትም በጥቂት ከተሞች ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ኩቤክና እንግሊዝ ተነጋግረው አንድ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ቢያስቀምጡ ስቱዲዮዎቹ ለሚቀጥለው በጋ ፊልማቸው ሌላ ቦታ ይህን ያህል ሰው አያገኙም። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ነጻ እርማት ስንት ጊዜ እንደሆነ በውሉ ይጻፍ፤ ከዚያ ያለፈውን ለውጥ ያዘዘው ይክፈል፤ በፊልሙ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ስሙ በመጨረሻው ዝርዝር ላይ ይውጣ። ሦስተኛው ለስቱዲዮዎቹ ምንም ያህል ወጪ የለውም፤ እርሱን እንኳ ለማግኘት እስከ ዛሬ እየለመንን ነው።