ማዘጋጃ ቤት ላይ የአንድ ዓላማ ወይም ማኅበር ባንዲራ ይሰቀል?

ጠያቂ፦ የከተማ ምክር ቤት ከመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ሌላ፣ የአንድን ማኅበረሰብ ወይም ንቅናቄ ባንዲራ ማዘጋጃ ቤቱ ላይ መስቀል አለበት? አንዱን ፈቅዶ ሌላውን መከልከልስ ይችላል? ደንብ የሚያረቅ ሰው ከየት ይጀምር?

መልስ 1፦ ከሁሉ በፊት ባንዲራው የማን ንግግር እንደሆነ ይወሰን፤ የከተማው ነው ወይስ የአመልካቹ? በአሜሪካ የቦስተን ከተማ ጉዳይ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ሦስት ምሰሶዎች አሉ፤ ሦስተኛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የከተማዋ ባንዲራ ቢውልም ለአመልካቾችም ይፈቀድ ነበር። ከ2005 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) 50 ያህል የተለያዩ ባንዲራዎች በ284 ሥነ ሥርዓቶች ተሰቅለዋል። የጽሑፍ መመሪያ የለም፣ ይዘቱን የሚመረምር የለም፣ የተከለከለም አልነበረም። በ2017 የክርስትና ባንዲራ ሲጠየቅ ግን ከተማዋ እምቢ አለች። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 በ9 ለ0 ፈረደባት፤ ያን ሁሉ ሳይመረምሩ ሲሰቅሉ ከርመው «ይህ የመንግሥት ንግግር ነው» (የከተማዋ የራሷ መልእክት ስለሆነ መምረጥ ትችላለች) ማለት አይቻልም ነው ነገሩ። ያው ውሳኔ መውጫውንም ጠቁሟል፦ የሳን ሆዜ ከተማ ምሰሶዎቿ ለሕዝብ ሐሳብ መግለጫ የታሰቡ አለመሆናቸውን ጽፋ፣ የሚሰቀሉትን ባንዲራዎች ዘርዝራለች። መስቀል ይቻላል፣ ነገር ግን ምክር ቤቱ በራሱ ስም ድምፅ ሰጥቶ ይስቀል። ማመልከቻ የሚቀበል ጸሐፊ መስኮት ላይ ካስቀመጡ ግን ንግግሩ የአመልካቾች ሆነ ማለት ነው።

መልስ 2፦ በዚህ አልስማማም። ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ እያንዳንዱ ባንዲራ የስብሰባ ጠብ ይሆናል፤ የአገር፣ የክልልና የከተማ ብቻ ብሎ መዝጋት ይሻላል። በሚሺጋን የሃምትራምክ ከተማ በ2023 ወደዚህ የቀረበ ደንብ አውጥታለች።

መልስ 1፦ መዝጋቱም ቀዳዳ አለው። የዩታ ግዛት በ2025 በመንግሥት ሕንፃ ላይ የሚሰቀሉትን በሕግ ስትገድብ፣ የከተማ ባንዲራ ተፈቅዶ ስለቀረ ሶልት ሌክ ሲቲ የንቅናቄ ባንዲራዎችን ቀለም የያዙ ተጨማሪ የከተማ ባንዲራዎችን አጸደቀች። «የከተማ ባንዲራ» ስትል አንድ ብቻ መሆኑን ካልጻፍክ ያው ነው።

መልስ 3፦ ደንቡ ውስጥ ሁልጊዜ የሚረሳው ምሰሶው ራሱ ነው። የባንዲራው ርዝመት ከምሰሶው ቁመት ሩብ ገደማ ይሁን፤ ለ6 ሜትር ምሰሶ 1.5 ሜትር። በአንድ ገመድ ሁለት ከተሰቀለ ነፋሱ የሚጎትተው ጨርቅ ስለሚጨምር ምሰሶው ከአቅሙ በላይ ሊጫነው ይችላል፤ አምራቹ ባንዲራ ሲኖርና ሳይኖር የሚችለውን የነፋስ ፍጥነት ለየብቻ ስለሚገልጽ ያንን ተመልከቱ። የሚሰቀልበትና የሚወርድበት ቀን ከነኃላፊው ይጻፍ፤ ቀኑ ካልተጻፈ ጫፉ ተተልትሎ እስኪያልቅ የሚያወርደው አይገኝም። ማውረዱም ያኔ እንደ ፖለቲካ ውሳኔ ይታያል።

ጠያቂ፦ በሐዘን ቀንስ?

መልስ 3፦ ብሔራዊው መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣና ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ማታም ሲወርድ እንደገና ጫፍ ደርሶ ነው። ሌላው ባንዲራ ከእሱ ከፍ ብሎ እንዳይታይ አብሮ ዝቅ ይበል፣ አለዚያም ለዚያን ቀን ይነሳ። መነሳቱ ይቀላል።