ቮልቮ አማዞን ሲሞቅ ኦቨርድራይቩን ይለቃል፤ ካምቢዮ ላውርድ ወይስ ሽቦውን ልፈትሽ?

ጥያቄ፣ ከጎተንበርግ

ሰላም ለሁላችሁ። የ1967 ስሪት ቮልቮ አማዞን አለኝ። ካምቢዮው ኤም 41 ነው፤ በአራተኛ ማርሽ የሚሠራ ዲ ታይፕ የሌይኮክ ኦቨርድራይቭ (በፍጥነት ሲነዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) አለው። ጠዋት መኪናው ቀዝቃዛ ሳለ ማብሪያውን ስነካ ወዲያው ይይዛል፤ የሞተሩ ዙር ከ4,000 ወደ 3,000 ገደማ ይወርድና ጸጥ ይላል። ሩብ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ግን ሳላዘው ይለቅና ሞተሩ ይጮኻል። ቆሜ ግማሽ ሰዓት ካሳረፍኩት እንደገና ይሠራል።

የካምቢዮው ዘይት ሙሉ ነው። ፊውዙ አንድ ጊዜ ተቃጥሎ ቀይሬዋለሁ። ወደ ሶሌኖይዱ (ኦቨርድራይቩን በኤሌክትሪክ ስቦ የሚያስይዘው ማግኔት) የሚሄደውን ሽቦ ነቅዬ በቴስተር ስለካው 12.4 ቮልት አገኘሁ። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ ኦቨርድራይቩ መፈታት አለበት ብሎኛል። ወጪው ከባድ ነው፤ ከዚያ በፊት ማየት ያለብኝ ነገር ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፣ ከአዲስ አበባ (የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ)

ወንድሜ፣ ካምቢዮውን አታውርድ። ጠዋት በደንብ የሚይዝና ሲሞቅ የሚለቅ ነገር መጀመሪያ የሚጠረጠረው በኤሌክትሪኩ በኩል ነው።

ሽቦውን ነቅለህ የለካኸው 12.4 ቮልት ምንም አይነግርህም። ቴስተሩ የሚወስደው ኃይል ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ የዛገ ነጥብም ቢሆን ሙሉውን ቮልት ያሳልፍለታል። ሶሌኖይዱ ግን ሲስብ እስከ 20 አምፔር ገደማ ይወስዳል። በመንገዱ ላይ 0.2 ኦም ተቃውሞ ብቻ ቢኖር 3 ቮልት ገደማ እዚያው ይቀራል፤ ሶሌኖይዱ የሚያገኘው ከ10 ቮልት በታች ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ የፎልስ (ቮልስዋገን) ስታርተር ላይ ይህንኑ ስናይ ኖረናል። ጠዋት ይነሳል፤ ሞቆ ከቆመ በኋላ ቁልፉ ሲዞር ድምፅ የለም። ባለቤቱ ስታርተር ይገዛል፤ ችግሩ ግን ከቁልፉ እስከ ስታርተሩ ባለው ረጅም ሽቦና በመጋጠሚያዎቹ የሚባክነው ቮልት ነው። ሪሌይ (በትንሽ ጅረት ታዝዞ ብዙ አምፔር የሚያሳልፍ ማብሪያ) ሲገባለት ይድናል።

ስለዚህ ሽቦው እንደተሰካ፣ ቁልፉን ከፍተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ አራተኛ ማርሽ አስገባና ኦቨርድራይቩን አብራ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሶሌኖይዱ ሽቦ ላይ አድርግ። የሚታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ወደ ኦቨርድራይቩ ሪሌይ ተመለስና መግቢያውንና መውጫውን ለካ። ከሶሌኖይዱ አካል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለውንም አትርሳ።

መልስ፣ ከስቶክሆልም

እኔ ብሆን ካምቢዮው ላይ ያለውን የማርሽ ማብሪያ ዘልዬ ከባትሪ በቀጥታ ወደ ሶሌኖይዱ ሽቦ እስብ ነበር። አንድ ቁልፍ ብቻ፤ የሚበላሽ ነገር አይኖርም።

መልስ፣ ከለንደን

ይህን እባክህ አታድርገው። ያ ማብሪያ እዚያ የተቀመጠው ኦቨርድራይቩ ባልተፈቀደ ማርሽ እንዳይያዝ ነው። ኦቨርድራይቩ እንደያዘ የኋላ ማርሽ ገብቶ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ክላች ይሰበራል። ያን ጊዜ ካምቢዮው መውረዱ የግድ ይሆናል።

እኔ ትራያምፍ ስፒትፋየር አለኝ፤ እርሱም ዲ ታይፕ ነው። በዚህ ሶሌኖይድ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንደኛው ዘንጉን ወደ ላይ የሚስበው፣ ብዙ አምፔር የሚበላው ነው። ሁለተኛው ከተሳበ በኋላ ይዞ የሚያቆየው ሲሆን 1 ወይም 2 አምፔር ይበቃዋል። ዘንጉ እስከ ጫፍ ሲደርስ ውስጥ ያለች ትንሽ መገናኛን ገፍቶ የመጀመሪያውን ጥቅል ያጠፋዋል። በሚሊ ሜትር እንኳ ከጎደለ ያ ጥቅል ሳይጠፋ ይቆይና ይግላል፤ ሲግል የመዳቡ ተቃውሞ ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም ይለቃል። ፊውዝህ የተቃጠለውም በዚሁ ይመስለኛል።

አምፔሩን ሽቦውን አቅፎ በሚለካ መሣሪያ ለካ፤ ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ ይሁን። ተራ ቴስተር ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፔር በላይ አይችልም። ካበራህ በኋላ ቁጥሩ ወዲያው መውደቅ አለበት። ካልወደቀ በሰከንዶች ውስጥ አጥፋው።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። ሶሌኖይዱ በሚስባት ማንሻ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በኦቨርድራይቩ ሳጥን ላይ ካለችው ጋር አገጣጥመህ 3/16 ኢንች ውፍረት ያለው ዘንግ ታስገባለህ፤ የመሰርሰሪያ ጫፍ ይሆናል። ከዚያ የሶሌኖይዱን ዘንግ በእጅህ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ገፍተህ ይዘህ፣ በዘንጉ ላይ ያለችውን ነት ማንሻዋን እስክትነካ ብቻ ታዞራለህ፤ አትጨምር። የመሰርሰሪያውን ጫፍ ማውጣት እንዳትረሳ። መኪናውንም በክሪክ ብቻ አንስተህ ሥሩ አትግባ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርግ።

ጠያቂው

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ለካሁ፤ 3.1 ቮልት ይጠፋል፤ ከዚህ ውስጥ 2.6ቱ ሪሌዩ ላይ ነው። ክዳኑን ስከፍት ነጥቦቹ ጠቁረው አንደኛው ጎድጎድ ብሏል። እህቴ፣ አንቺም እንዳልሽው አምፔሩ 14 ላይ ቆሞ አልወርድ አለ። ሶሌኖይዱ በደቂቃ ውስጥ እጅ የማያስነካ ሆነ።

አሁን ግራ የገባኝ የትኛው እንደሚቀድም ነው፤ ሪሌዩ ነው ወይስ ማስተካከያው?

መልስ፣ ከአዲስ አበባ

ሪሌዩ ይቅደም። በደካማ ቮልት ማስተካከያውን ብትሞክር ዘንጉ እስከ ጫፍ ያልደረሰው በጉልበት ማነስ ይሁን በነቷ አታውቀውም። ነጥቦቹ ከጎደጎዱ በብርጭቆ ወረቀት አትድከም፤ 30 አምፔር የሚችል አዲስ ሪሌይ አስገባ፣ የዛጉትን መሰኪያዎችም ቀይር። ከዚያ እንደገና ለካ።

ጠያቂው

ሪሌዩንና ሁለት መሰኪያዎች ቀየርኩ፤ የሚጠፋው ቮልት 0.3 ሆነ። አምፔሩ ግን አሁንም አንዳንዴ አይወርድም ነበር። የመሰርሰሪያውን ጫፍ አስገብቼ ሳየው ነቷ ከመጠን በላይ ገብታ የሶሌኖይዱ ዘንግ እስከ መጨረሻው እንዳይወጣ ትከለክለው ነበር፤ አንድ ዙር ተኩል ያህል ፈታኋት። አሁን ሲበራ ጠንከር ያለ ድምፅ ያሰማና መለኪያው ወዲያው ወደ 1.2 አምፔር ይወርዳል።

ቅዳሜ ቦሮስ ደርሼ ተመለስኩ። አንድም ጊዜ አልለቀቀም። ሶሌኖይዱን ስዳስሰው ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። የተቃጠለ ሽታ ግን ትንሽ አለው፤ ልቀይረው?

መልስ፣ ከለንደን

አምፔሩ ትክክል ከሆነና ሲሞቅም ካልተለወጠ አሁን አትቀይረው። በየወሩ አንድ ጊዜ አምፔሩን ለካ። ምናልባት የምትቀይረው ከሆነ ግን አዲሱን ሳታስተካክል እንዳትነዳ፤ አለዚያ እርሱም በዚያው መንገድ ይቃጠላል።